ከበራዱ እስከ ቁጥቋጦው፦ የውሽውሽ የጉዞ ማስታወሻ

በምሠራበት ጤና ጣቢያ፣ በነፍሰ ጡር እናቶች ክትትል ክፍል ውስጥ፣ በቀን ደጋግሜ ከማቀርባቸው ጥያቄዎች አንዱ «የአይረን እንክብሉን በምንድን ነው የምትውጪው?» የሚል ነው። መልሱም አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ «በሻይ»። በብዙ ቤት ጠዋት ሲነሱ መጀመሪያ የሚገኘው ተፈልቶ የተዘጋጀ ንጹሕ መጠጥ ሻይ ስለሆነ እንክብሉም ከዳቦው ጋር አብሮ ይወርዳል፤ እናቶቹን በዚህ ልወቅሳቸው አልችልም። ችግሩ በሻይ ውስጥ የሚገኙት ፖሊፌኖል የሚባሉ ውህዶች አንጀት ውስጥ ከብረት ማዕድኑ ጋር እየተጣበቁ ወደ ደም የሚገባውን መጠን መቀነሳቸው ነው። ስለዚህ «ሻዩን ከእንክብሉም ከምግቡም ቢያንስ አንድ ሰዓት፣ ቢቻል ሁለት ሰዓት አራርቂው» እያልኩ እመክራለሁ።

ባለፈው ሚያዝያ ግን አንዲት እናት ምክሬን በጽሞና ካዳመጠች በኋላ «ሲስተር፣ እንግዲያው ሻይ ይጠቅማል ነው ወይስ ይጎዳል የምትይኝ?» ብላ ጠየቀችኝ። የሰጠኋት መልስ እኔን ራሴን አላጠገበኝም። ሻይ እየጠጣሁ ነው ያደግሁት፤ ሆኖም ቅጠሉ እንዴት እንደሚበቅል፣ ማን እንደሚለቅመው፣ ከአረንጓዴነት ወደ ጥቁርነት በምን እንደሚለወጥ አላውቅም ነበር። አብራኝ ነርሲንግ የተማረች ጓደኛዬ ቦንጋ ትኖራለች፤ ባለቤቷም የሻይ እርሻ ባለሙያ ነው። ከዓመት ፈቃዴ አምስት ቀን ቀንሼ ወደ እነርሱ ሄድኩ።

ሰኞ፣ ግንቦት 11 ቀን 2017፦ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ

እስከ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ለሆነው መንገድ 800 ብር ከፍዬ ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ተነሣን። ለቁርስ የቆምነው ወሊሶ ላይ ነበር። ሻይ 25 ብር፣ ዳቦ 15 ብር፤ ከእኛ ሰፈር ዋጋ ብዙም አይለይም። ከጎኔ የተቀመጠው ወጣት አንዷን ብርጭቆ በአራት ማንኪያ ስኳር አጣፈጣትና ሁለተኛዋንም በዚያው ልክ አስከተለ። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር አራት ግራም ገደማ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ አንድ ሰው በቀን የሚወስደው ተጨማሪ ስኳር ከጠቅላላ ኃይሉ ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ፣ ቢቻል ደግሞ ከ5 በመቶ በታች፣ ማለትም ከ25 ግራም ገደማ በታች እንዲሆን ይመክራል። ወጣቱ ገና በጠዋቱ 32 ግራም ጨርሶ ነበር። እኔም የልማዴን ሦስት ማንኪያ ልጨምር እጄን ዘርግቼ ነበርና በአንዱ አቆምኩ፤ ስለ ሻይ ጥቅም የሚነገረው ሁሉ ስለ ቅጠሉ የሚነገር እንደሆነ እያወቅሁ በስኳሩ መሸፈኔ ያን ጊዜ ከነከነኝ።

ወልቂጤን አልፈን ወደ ግቤ ቁልቁለት ስንወርድ የኋላ ጎማችን ፈነዳ። ረዳቱ መለዋወጫውን ሲያወርደው እርሱም ንፋስ የለውም። በዚያ ቆላ ሙቀት ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ ቆመን ጎሚስታ ጠበቅን። ጥቂት እንደቆየን አንዲት ሴት ሁለት ፔርሙስና አንድ ባልዲ ብርጭቆ ይዛ ከመንደር መጣችና ከግራር ሥር ተቀመጠች። ሻይዋ በዝንጅብል የፈላ ነበር፤ አንዱ 15 ብር። እስከዚያ ድረስ ለአምስት ሰዓት ያህል ጎን ለጎን ተቀምጠን ቃል ሳንለዋወጥ የቆየን መንገደኞች ብርጭቆ እየተቀባበልን መጨዋወት የጀመርነው ከዚያች ግራር ሥር ነው፤ አንዱ የሌላውን ሒሳብ ለመክፈል ይጣላል፣ ሌላው ለልጆቹ ብስኩት ያካፍላል። ጎሚስታው ሥራውን ጨርሶ ሒሳቡን ከተቀበለ በኋላ ሹፌሩ «ይህ ደግሞ ለሻይ» ብሎ 100 ብር ጨመረለት። ቡና የአገራችን ታላቅ ቢሆንም በቋንቋችን ውስጥ ሻይ የያዘውን ስፍራ ሳስብ ይገርመኛል፤ ጉርሻው «ለሻይ» ነው፣ የሥራ እረፍቱ «የሻይ ሰዓት» ነው፣ ቡና የሚሸጠው ቤት ሳይቀር «ሻይ ቤት» ነው፣ ግብዣውም «ሻይ ቡና እንበል» ነው።

ጅማ የገባነው ከመሸ በኋላ ነበር። 700 ብር የከፈልኩበት ክፍል ውሃ አልነበረውም፤ እንግዳ ተቀባዩ ልጅ አንድ ጀሪካን ውሃ ይዞልኝ መጣና እግሬን ታጥቤ ተኛሁ።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 12፦ ከጅማ ወደ ቦንጋ

የጅማ ማለዳ ለሻይ የተፈጠረ ነው። ከንጋት ጸሎት የተመለሱ አባቶች በአንዲት ትንሽ ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ተደርድረው ነበር፤ በራዱ ከከሰሉ ላይ አይወርድም፤ ሄል፣ ቀረፋና ቅርንፉድ የተቀላቀሉበት እንፋሎት እስከ አስፋልቱ ድረስ ይሸታል። በቦምቦሊኖ ጠጣሁ፤ ሁለቱ 45 ብር። እኛ ቤት ቅመሙ ከቅጠሉ ጋር አብሮ ይፈላል፤ እዚህ ግን ቅመሙ አስቀድሞ በደንብ ከፈላ በኋላ ቅጠሉ መጨረሻ ላይ ይገባና ወዲያው ይወርዳል። ሻዩ ያልመረረውም ለዚህ ነው፤ ቅጠሉ እሳት ላይ በቆየ ቁጥር አፍን የሚያጨማድደው ንጥረ ነገር በብዛት ይወጣል።

ከፊት ለፊቴ የተቀመጡ አንድ አዛውንት ገና እየተንቀለቀለ የተቀዳላቸውን ብርጭቆ ሁለት ጊዜ እፍ ብለው ይጎነጩ ጀመር። የሙያ ነገር ሆኖብኝ «አባባ፣ ትንሽ ይብረድልዎት» አልኳቸው። «ልጄ፣ ከበረደማ ምኑን ሻይ ሆነ!» ብለው ሳቁ። ነገሩ ግን ቀላል አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2016 እ.ኤ.አ. ማስረጃዎችን መርምሮ፣ ከ65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሞቆ የሚጠጣን መጠጥ የምግብ መውረጃ ቧንቧ ካንሰር ሊያስከትሉ ይችላሉ ተብለው ከሚገመቱ ነገሮች ምድብ አስገብቶታል። ጥፋቱ የቅጠሉ ሳይሆን የሙቀቱ ነው፤ ቡናም ሆነ ሾርባ በዚያው ልክ ቢፈጅ ያው ነው። ጥቂት ደቂቃ መታገሥ የሚበቃ ስለሆነ፣ ለአዛውንቱ የዝንጅብል ብስኩት ጋብዤ ወሬ አስረዘምኩባቸው፤ ሁለተኛው ብርጭቋቸው በዚያ ሰበብ ቀዘቀዘ።

ለሚኒባስ 350 ብር ከፍዬ በሸቤ አድርገን የጎጀብን ወንዝ ተሻገርን። ከድልድዩ በኋላ መንገዱ ሽቅብ ይወጣል፤ አየሩም ይለወጣል። የከፋ ደን እንደ አጥር ከግራና ከቀኝ እየቀረበ መጣ። ይህ ደን ዐረቢካ ቡና በዱር የሚበቅልበት ስለሆነ በ2010 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የባዮስፌር ሥፍራነት ተመዝግቧል። በቡና አገር ሻይ ፍለጋ መምጣቴን አብረውኝ ለተሳፈሩት ስነግራቸው አንዲት እናት «ሁለቱም ጥላና ዝናብ ይወዳሉ፤ ምን ያጣላቸዋል?» አሉኝ።

ጓደኛዬ በር ላይ ጠበቀችኝ። እራት ቆጮ በአይብና በጎመን ነበር፤ የኛን እንጀራ ለለመደ አፍ ቆጮ ሲበሉት ቀስ ብሎ የሚያጠግብ ነው። ሻዩ የቀረበው ግን እራት ከተነሣ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይቶ ነው፤ ሁለት ነርሶች ባሉበት ቤት ይህ ሳይነገር የሚከበር ሥርዓት ነው።

ረቡዕ፣ ግንቦት 13፦ ውሽውሽ

ቀኑ በአጋጣሚ የዓለም የሻይ ቀን ነበር፤ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ2019 እ.ኤ.አ. ሜይ 21 በየዓመቱ የሻይ ቀን ሆኖ እንዲታሰብ ወስኗል። በዓለ ሃምሳ ስለነበረ ረቡዕ ቢሆንም ቁርስ ሻይ በወተት ጠጥተን በጓደኛዬ ባለቤት መኪና ተነሣን።

የውሽውሽ የሻይ እርሻ ከቦንጋ ወደ ሚዛን በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከባሕር ወለል በላይ በ1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛል። ጉም ሲገለጥ የታየኝን እስካሁን አልረሳውም፤ ኮረብታው በሙሉ በመቀስ የተስተካከለ ያህል ለጥ ያለ አረንጓዴ ነው፤ በመሐሉ የለቃሚዎች ቀጫጭን መተላለፊያዎች ይታያሉ፤ ዙሪያውን ደግሞ ለፋብሪካው ማገዶ የሚሆን ባሕር ዛፍ ቆሟል። ሻይ እንደ ባቄላ ከወገብ የማይበልጥ ተክል ይመስለኝ ነበር። አስጎብኚዬ ግን ወደ አንድ ዳር ወስዶ መግረዝ የቀረበትን የሻይ ዛፍ አሳየኝ፤ ከቤት ጣሪያ ይበልጣል። በየጊዜው እየተገረዘ ዝቅ እንዲል የሚደረገው ለቃሚዋ እጇ እንዲደርስ፣ ተክሉም ወደ ላይ በማደግ ፈንታ ለጋ ቅጠል በብዛት እንዲያወጣ ነው።

ለቃሚዎቹ ቅርጫታቸውን በጀርባቸው አዝለው፣ ጤዛውን የሚከላከል ላስቲክ ከወገባቸው አሥረው ተሰልፈዋል። የሚለቀመው ሁለት ቅጠልና አንድ እምቡጥ ብቻ ነው። አንዷ ለቃሚ እጄን ይዛ አስተማረችኝ፤ በአውራ ጣትና በጠቋሚ ጣት መሐል ይዞ በአንድ ቅጽበት መስበር እንጂ በጥፍር መቁረጥ አይገባም፤ የተቆረጠው ጫፍ ይጠቁራል። እርሷ በሁለት እጇ እየሰበረች መዳፏ ሲሞላ ወደ ኋላ ወደ ቅርጫቱ ትወረውራለች፤ ዓይኗ ግን ከሚቀጥለው ቁጥቋጦ አይነሣም። እኔ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ጎንበስ ብዬ የለቀምኩት ሚዛን ላይ ሲወጣ ከአንድ ኪሎ በታች ሆነ፤ እርሷ በደህና ቀን ከ30 ኪሎ በላይ እንደምትለቅም ነገረችኝ። ክፍያው በኪሎ ነው። ከአራት እስከ አምስት ኪሎ ከሚሆን እርጥብ ቅጠል አንድ ኪሎ ደረቅ ሻይ እንደሚገኝ ስሰማ፣ ጤና ጣቢያ ውስጥ በበራዱ ግርጌ እየቀረ በየቀኑ የምንደፋው አተላ ታወሰኝና አፈርኩ።

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ስለወረደ ወደ ፋብሪካው ገባን። በሩ ላይ የሚቀበለው ሽታ አዲስ የታጨደ ሣርና የበሰለ ፍራፍሬ የተቀላቀለበት ነው። ቅጠሉ በመጀመሪያ በረጃጅም የሽቦ አልጋዎች ላይ ተዘርግቶ ንፋስ እየተነፋበት ሌሊቱን ሙሉ ይጠወልጋል። ከዚያ ሲቲሲ በሚባለው፣ ጥርስ ባላቸው ሁለት ጥቅልል ብረቶች በሚሠራ መሣሪያ መሐል እየተቀደደና እየተጠቀለለ ያልፋል። ከዚህ በኋላ የሚሆነውን በቅርብ አየሁት። አረንጓዴው ብጥስጣሽ እርጥብ አየር ባለበት ተነጥፎ ከአንድ ሰዓት በላይ ሲቆይ ዓይኔ እያየ ቀለሙ ወደ ቢጫ፣ ከቢጫ ወደ መዳብ ተለወጠ፤ እጄን ሳስገባበት ሞቆ ነበር። ሠራተኞቹ ይህን «ማብላላት» ይሉታል፤ ሥራው ግን የእርሾ ሳይሆን የአየር ነው። የተቆረጠ ሙዝ በሚጠቁርበት መንገድ፣ በቅጠሉ ውስጥ ያሉት ካቴኪን የተባሉ ውህዶች ከኦክስጅን ጋር ተገናኝተው ቴአፍላቪን ወደሚባሉና መሰል ውህዶች ይለወጣሉ፤ የሻያችን ቀይ ቀለምና ጠንካራ ጣዕም የሚመጣው ከእነዚህ ነው። አረንጓዴ ሻይ የሚባለው ሌላ ተክል ይመስላቸው የነበሩ ታካሚዎቼ ብዙ ናቸው፤ አንድ ተክል ነው፤ ልዩነቱ ቅጠሉ እንዳይብላላ ወዲያው በሙቀት መመታቱ ነው። በመጨረሻ የተብላላው ቅጠል በትኩስ አየር ደርቆ በወንፊት እየተነፋ በየደረጃው ይለያል።

የቅምሻው ክፍል ውስጥ ስድስት ነጭ ስኒዎች ተደርድረው ነበር። ለመቶ ሚሊ ሊትር የፈላ ውሃ ሁለት ግራም ቅጠል ይመዘናል፤ ስድስት ደቂቃ ተከድኖ ይቆያል፤ ስኳር የለም፣ ቅመም የለም። ቀማሹ በማንኪያ ጨልፎ ድምፅ እያሰማ ይስብና አፉ ውስጥ አንከባልሎ ይተፋዋል። እኔ ተራዬ ሲደርስ ዋጥኩት። በሕይወቴ ያለ ስኳር የቀመስኩት የመጀመሪያው ሻይ ይህ ነበር ብል አልዋሸሁም፤ መጀመሪያ ምላስን ያዝ ያደርጋል፣ ከዚያ ጥርት ብሎ ይለቃል፣ መጨረሻ ላይ ማር ማር የሚል ነገር ጉሮሮ ላይ ይቀራል። በሦስት ማንኪያ ስኳር ስሸፍነው የኖርኩት ይህን ጣዕም ነበር።

ማታ እሳት ዳር ሆነን የዚያች እናት ጥያቄ ተነሣ። ጓደኛዬና እኔ የምናውቀውን እያነሣን ተወያየን። በ2022 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ በእንግሊዝ አገር ግማሽ ሚሊዮን ገደማ ሰዎችን ለአሥራ አንድ ዓመት ያህል የተከታተለ ጥናት፣ በቀን ሁለት ስኒና ከዚያ በላይ ጥቁር ሻይ የሚጠጡ ሰዎች ከማይጠጡት ይልቅ በክትትሉ ዘመን የመሞት ዕድላቸው ከ9 እስከ 13 በመቶ ያነሰ ሆኖ አግኝቷል። እንዲህ ያለ ክትትል ሻዩ ራሱ ዕድሜ ጨመረ ብሎ አያረጋግጥም፤ ሻይ ጠጪው በሌላም ነገር ሊለይ ይችላልና። ያም ሆኖ ልብንና የደም ሥርን በሚመለከት በርካታ ጥናቶች ወደዚያው አቅጣጫ ያመለክታሉ። የካፌይኑ መጠን ከአንድ ስኒ ቡና ግማሽ ገደማ ነው፤ ቴአኒን የሚባል አሚኖ አሲድም ስላለበት ንቃቱ ረጋ ያለ ነው ይባላል። ቡና እንቅልፍ ለሚነሣቸው ታካሚዎቼ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ባለቤቷ ደግሞ የታሪኩን ነገር አጫወተን፤ የሻይ ተክል ወደ አገራችን የገባው በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. በጎሬ በኩል እንደሆነ፣ የጉመሮ እርሻም ከዚያ ዘመን እንደሚነሣ፣ ውሽውሽ ግን በ1970ዎቹ የተከተለ ታናሽ ወንድሙ እንደሆነ ነገረን። «ሻይ» የሚለው ቃል ራሱ ከቻይና ተነሥቶ በፋርስና በዐረብ በኩል እየተላወሰ የደረሰን መሆኑን ሳስብ፣ በጥቂት ትውልዶች ዕድሜ ውስጥ እንዲህ የቤት ልጅ መሆኑ ደነቀኝ።

ሐሙስ፣ ግንቦት 14፦ ከገበሬዋ ቤት

ለእርሻው ቅጠል የሚያቀርቡ ገበሬዎች በአካባቢው አሉ። ጓደኛዬ ከእነርሱ መካከል የምታውቃቸውን አንዲት እናት ልንጠይቅ ወሰደችኝ። ለሊቱ ዘንቦ ነበርና ባጃጁ ግማሽ መንገድ ላይ ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ ቀረ፤ 150 ብሩን ከፍለን የቀረውን በእግር ሄድን። ጫማዬን ተሸክሜ ደረስኩ። እትዬ ገና ሳንቀመጥ ለእግሬ የሞቀ ውሃ አቀረቡልኝ።

ግማሽ ሄክታር የማይሞላ ማሳቸው ላይ ቡናም ሻይም አላቸው። ቡናው ዋጋው ይሻላል፤ ነገር ግን በዓመት አንድ ጊዜ ነው። ሻዩ በየአሥር ቀኑ ገደማ ስለሚለቀም በመጠኑም ቢሆን ገንዘቡ አይቋረጥም፤ የልጆቹ ደብተርና የቤቱ ጨው የሚገዛው በእርሱ ነው።

ሻይ ይቀርብልኛል ብዬ ስጠብቅ ያመጡት ጨሞ ነበር። ጨሞ የሚፈላው ከቡና ቅጠል ነው። እትዬ በከፋ ቋንቋ፣ በካፊኖኖ፣ እየነገሩኝ፣ ጓደኛዬ እየተረጎመችልኝ፣ አሠራሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተመለከትኩ። በምጣድ ላይ ታምሶ የተሸከሸከው ቅጠል በትልቅ ጀበና ይፈላል፤ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ጤና አዳም፣ ቃሪያና ጨው አንድ ላይ ተወቅጠው ይጨመሩበታል። በቅል ተቀድቶ ሲሰጠኝ ሽታው የቅጠላ ቅጠል፣ ጣዕሙ የሾርባ ሆነብኝ። ያቃጥላል፤ ግን ከጭቃና ከብርድ ለመጣ ሰው ከዚህ የሚሻል መጠጥ አላውቅም። ጎረቤቶች ሳይጠሩ መጡ፤ ቅሉ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፤ የታመመ ሰው ተጠየቀ፣ የዕድር ጉዳይ ተነሣ፣ የአንዲት ልጅ ሠርግ ቀን ተቆረጠ። ስኳር በዚያ ቤት አላየሁም። ከገበያ የመጣው የሻይ ቅጠል ጨሞን ሳያስወጣ ከጎኑ ገብቶ ተቀምጧል፤ እትዬ ጠዋት ለልጆቹ ሻይ በዳቦ ይሰጣሉ፣ ከቀትር በኋላ ለጎረቤት ጨሞ ያፈላሉ።

ስንነሣ አንድ ኪሎ ማር በላስቲክ ዕቃ አድርገው ሰጡኝ። ልክፈል ብል ተቆጡኝ።

ዓርብ፣ ግንቦት 15፦ ወደ ቤት

ከቦንጋ በቀጥታ ወደ አዲስ አበባ በሚሄደው አውቶቡስ ሌሊት 11 ሰዓት ተነሣሁ። ከዕቃዬ ጋር ለጤና ጣቢያው ባልደረቦቼ የገዛኋቸው አራት እሽግ የውሽውሽ ሻይ ነበሩ። ማታ ቤት ደርሼ ቦርሳዬን ስከፍት የማሩ ዕቃ ክዳኑ ላልቶ፣ ማሩ በሁለቱ እሽጎች ላይ ፈስሶ ወረቀቱን አልፎ ቅጠሉ ውስጥ ገብቶ ነበር። ልጥለው እጄ እምቢ አለኝ፤ መዳፏ እየሞላ ወደ ኋላ የምትወረውረው ለቃሚ ፊቴ ላይ ነበረች። በሰፌድ ላይ ዘርግቼ ሁለት ቀን በጥላ አናፈስኩትና ሰኞ ጤና ጣቢያ ይዤው ገባሁ። በአራት ሰዓቱ የሻይ እረፍት ውሃው ከፈላ በኋላ ቅጠሉን ጨምሬ አወረድኩት፣ ከድኜ ስድስት ደቂቃ ቆጠርኩ። የስኳሩ ቆርቆሮ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ የካርድ ክፍሏ ልጅ አንድ ጊዜ ቀመሰችና «ይሄ ጣፍጦ ነው እንዴ የመጣው?» ብላ ማንኪያዋን መለሰች።